ሦስት ምስሎች፣ ሦስት ልኬቶች፦ የጡት ምስል ከቀዶ ሕክምና በፊት ምን ይወስናል?

ጥያቄ፦ «የ46 ዓመት ሴት ነኝ። በግራ ጡቴ ላይ ከወጣው እብጠት በተወሰደው ናሙና ካንሰር መሆኑ ተረጋግጧል። ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ እንዳለና ጡቴን ሳላጣ ዕጢው ብቻ ሊወጣ እንደሚችል ተነግሮኝ ነበር። አልትራሳውንዱ 18 ሚሊ ሜትር ነው አለ፤ ማሞግራሙ 26፣ ኤምአርአዩ ደግሞ 31። በዚያ ላይ ኤምአርአዩ በዚያው ጡት ውስጥ ራቅ ብሎ 7 ሚሊ ሜትር የምታህል ሌላ ነጥብ አሳየና ከእርሷም ናሙና ይወሰድ ተባለ። የትኛውን ልኬት ልመን? ይህ ሁሉ ምስል ሕክምናዬን ከማጓተት ያለፈ ጥቅም አለው? ጡቱን በሙሉ አስነሥቼ ብገላገልስ አይሻልም?»

ምላሽ፦

ጠያቂያችን፣ ምስሎችዎን በዓይኔ ስላላየሁ ስለ እርስዎ ጡት የመጨረሻውን ቃል መናገር አልችልም፤ ያ የሚከታተሉዎት ሐኪሞች ድርሻ ነው። የጡት ምስል የሚያነብ ራዲዮሎጂስት እንደመሆኔ ግን ያነሷቸው ሦስት ጥያቄዎች አንድ ሥር እንዳላቸው ይታየኛል። ካንሰር መሆኑ በናሙና ከተረጋገጠበት ቀን ጀምሮ የምስል ሥራ ይለወጣል። እስከዚያ ቀን ድረስ ምስል የሚነሣው «ይህ እብጠት ካንሰር ይሆን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሚጠየቀው ካንሰሩ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ በዚያው ጡት ወይም በሌላው ጡት ውስጥ ሌላ ቦታ መኖር አለመኖሩ፣ ወደ ብብት መድረስ አለመድረሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ በሚታዘዝ ምስል ሁሉ ላይ ሁለት ነገሮችን እንዲጠብቁ እመክርዎታለሁ። አንደኛ፣ ምስሉ ሕክምናውን ሊለውጥ የሚችል ጥያቄ የሚመልስ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ምስሉ ያሳየው አዲስ ነገር በናሙና ሳይረጋገጥ ቀዶ ሕክምናውን ለማስፋት ምክንያት መሆን የለበትም። በዚህ መሠረት ሐኪሞችዎ ከሁለተኛዋ ነጥብ ናሙና ይወሰድ ማለታቸው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከልኬቶቹ ልጀምር። ሦስቱ መሣሪያዎች አንድን ነገር አይለኩም፤ ጡቱንም በአንድ ዓይነት አቀማመጥ አያገኙትም። ማሞግራም የሚነሣው ቆመው ሳሉ ጡቱ በሁለት ሳህኖች መካከል ተጭኖ፣ በኤክስሬይ ነው። ኤክስሬዩ ስብን ጠቆር፣ ወተት አመንጪውን ህብረ ሕዋስና ዕጢውን ደግሞ ነጣ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ጥቅጥቅ ባለ ጡት ውስጥ ነጭ ዕጢ በነጭ ህብረ ሕዋስ መካከል ሊሸሸግ ይችላል። ይሁን እንጂ ማሞግራም ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ የካልሲየም ብናኞችን ያያል። እነዚህ ከጨው ቅንጣት ያነሱ ነጫጭ ነጠብጣቦች አብዛኛውን ጊዜ ምንም ጉዳት የሌላቸው ናቸው። ነገር ግን ቅርጻቸው የተለያየና የተሰባበረ ሆኖ በአንድ የወተት ቱቦ አቅጣጫ ተሰልፈው ሲገኙ፣ በቱቦው ውስጥ ተዘርግቶ ገና ግድግዳውን ያልጣሰ ካንሰር ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ።

አልትራሳውንድ የሚነሣው በጀርባዎ ተኝተው ክንድዎን ወደ ላይ አንሥተው ሳሉ ነው። የድምፅ ሞገዱ የዕጢውን ጠጣር አካል በግልጽ ያሳያል፤ የካልሲየም ብናኞችን ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አያሳይም። ጠርዙ እየሳሳ የሚሄድ ዕጢ ሲያጋጥመው ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው መጠን አሳንሶ ይለካል። ኤምአርአይ ደግሞ በሆድዎ ተኝተው፣ ጡቶቹ በተዘጋጀላቸው ክፍተት ውስጥ ወደ ታች ተንጠልጥለው፣ ጋዶሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር በደም ሥር እየተሰጠ ይነሣል። ካንሰር አዳዲስ የደም ሥሮችን ስለሚያበቅል ጋዶሊኒየሙን ፈጥኖ ይስባል፤ በምስሉም ላይ ይደምቃል። ሆኖም የሚደምቀው ካንሰር ብቻ አይደለም። ናሙና ከተወሰደ በኋላ በቦታው የቀረ ቁስል፣ ጤነኛ እብጠት፣ የወር አበባ ዑደት የሚያነቃቃው የጡት ህብረ ሕዋስም ይደምቃሉ። ኤምአርአይ አንዳንድ ጊዜ ከእውነተኛው መጠን አስፍቶ የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ 18፣ 26 እና 31 የተባሉት ቁጥሮች የግድ እርስ በርስ የሚቃረኑ አይደሉም። ከርቀት ስገምት፣ 18ቱ የዕጢው ጠጣር አካል ሊሆን ይችላል። 26ቱ ያን አካልና በዙሪያው ያሉትን የካልሲየም ብናኞች፣ 31ዱ ደግሞ እነዚህንና የናሙና መርፌው የተወውን ቁስል ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ግምቴ ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ሦስቱን ምስሎች ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚያያቸው ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ምስሎቹን በየተራ ሦስት ሰዎች ካነበቧቸው፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ አይቶ አንድ የተዋሐደ ሪፖርት እንዲጽፍ መጠየቅ የሚገባው። እኔ ሪፖርት ስጽፍ የጠጣሩን አካል መጠንና ካንሰሩ በአጠቃላይ የሚዘረጋበትን መጠን ለየብቻ አስቀምጣለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱ ቁጥሮች የሚያገለግሉት ለተለያየ ውሳኔ ነው።

የካንሰሩን ደረጃ ለመወሰን የሚቆጠረው የቱቦውን ግድግዳ ጥሶ የወጣው ክፍል ብቻ ነው፤ እርሱም እስከ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ በመጀመሪያው፣ ከ20 አልፎ እስከ 50 ከሆነ በሁለተኛው የመጠን መደብ ይመደባል። የመጨረሻውን ልኬት የሚሰጠውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዕጢውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ግን የሚያስፈልገው ጠቅላላው ስፋት ነው፤ በቱቦ ውስጥ ያለው ካንሰርም ካልወጣ ከወጣው ሥጋ ጠርዝ ላይ ካንሰር ይገኝና ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይከተላል። ስለዚህ «የትኛውን ልመን?» ላሉት መልሴ፣ ለደረጃው የፓቶሎጂውን፣ ለቀዶ ሕክምናው ዕቅድ ደግሞ ሦስቱ ምስሎች በአንድነት የሚሰጡትን ስፋት ይመኑ የሚል ነው።

በ20 ሚሊ ሜትር ግራና ቀኝ ያለው ልዩነት ሌላም ነገር ሊወስን ይችላል። የካንሰርዎ ዓይነት ኸር 2 የተባለው ፕሮቲን የበዛበት ከሆነ፣ ወይም ትሪፕል ነጌቲቭ ከሚባለው፣ ማለትም የሁለቱ ሴቴ ሆርሞኖች ተቀባይም የኸር 2 ብዛትም ከማይገኝበት ወገን ከሆነ፣ ዕጢው ከ20 ሚሊ ሜትር ሲበልጥ ወይም ብብት ላይ ሲደርስ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ከቀዶ ሕክምናው ያስቀድማሉ። ጥቅሙ ዕጢውን ማሳነስ ብቻ አይደለም፤ ካንሰሩ ለመድኃኒቱ የሰጠው ምላሽ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚሰጠውን መድኃኒት ለመምረጥ ይረዳል። ይህ መንገድ ከተመረጠ ምስል በሁለት ቦታ ወሳኝ ይሆናል። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ከሩዝ ፍሬ የምታንስ የብረት ምልክት፣ ክሊፕ የምትባለው፣ በዕጢው መካከል በመርፌ ትቀመጣለች። መድኃኒቱ በደንብ ከሠራ ዕጢው ከምስል ላይ ፈጽሞ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ያለ ክሊፕ ቀዶ ሐኪሙ የትኛውን ቦታ እንደሚያወጣ ማወቅ ይቸግረዋል። ከብብት ንፍፊቶች በአንዱ ካንሰር ከተገኘ በእርሱም ውስጥ ምልክት ማኖር ይገባል። መድኃኒቱ ሲጠናቀቅ ደግሞ ምስሉ ይደገማል፤ የቀረውን ለመለካት ኤምአርአይ ከሌሎቹ የተሻለ ነው። ይሁንና ኤምአርአዩ ምንም አላሳየም ማለት ምንም አልቀረም ማለት ስላልሆነ ቀዶ ሕክምናው አይቀርም።

ሪፖርትዎን ሲያነቡ ሊያስደነግጥዎ ስለሚችል አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ ልጥቀስ። የጡት ምስል ሪፖርቶች መጨረሻ ላይ ባይ-ራድስ የሚባል ከ0 እስከ 6 የሚሄድ ቁጥር ይጻፋል። ብዙ ሴቶች «6» የሚለውን አይተው ካንሰሩ ስድስተኛ ደረጃ ደረሰ ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ቁጥሩ ከካንሰር ደረጃ ጋር ግንኙነት የለውም፤ 6 ማለት ካንሰር መሆኑ ቀድሞ በናሙና የተረጋገጠ ማለት ብቻ ነው። ለሁለተኛዋ ነጥብ 4 ተጽፎ ከሆነ ደግሞ 4 ከ2 እስከ 95 በመቶ የሚደርስ ዕድልን የሚያጠቃልል እጅግ ሰፊ ክፍል ነው። ትርጉሙ «ናሙና ያስፈልጋታል» ከማለት አያልፍም።

አሁን ወደዚያች 7 ሚሊ ሜትር ነጥብ ልመለስ፤ የጥያቄዎ እምብርት እርሷ ናትና። በ2008 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመና 19 ጥናቶችን፣ በድምሩ 2610 ሴቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው፣ ካንሰር በተገኘበት ጡት ውስጥ ኤምአርአይ በ16 በመቶው ላይ ሌሎቹ ምስሎች ያላዩትን ተጨማሪ ካንሰር አግኝቷል። ነገር ግን ኤምአርአዩ አጠራጣሪ ካላቸው ተጨማሪ ነጥቦች ውስጥ ካንሰር ሆነው የተገኙት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ናቸው፤ አንድ ሦስተኛው ከንቱ ስጋት ነበር። በሌላኛው ጡት ላይ ሲሆን ስጋቱ ይበልጥ ይሳሳል። በ2007 የታተመ ጥናት በአንድ ጡታቸው ካንሰር የተገኘባቸውን 969 ሴቶች በኤምአርአይ መርምሮ፣ በሌላው ጡታቸው ማሞግራም ያላየውን ካንሰር ያገኘው በ30ዎቹ፣ ማለትም በ3.1 በመቶው ላይ ነው። ይህን ለማግኘት ግን ከ121 ሴቶች ናሙና መውሰድ አስፈልጎ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ናሙናዎች ካንሰር አልነበሩም ማለት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ስጽፍ ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ያየኋት አንዲት ሴት ትታወሰኛለች። ኤምአርአዩ ልክ እንደ እርስዎ ሁለተኛ ነጥብ አሳየ፤ ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። «ሌላ ካንሰር ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍኩ፤ «ከቀዶ ሕክምናው በፊት በናሙና መረጋገጥ አለበት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ግን አልጨመርኩም። ሁሉም ሰው ተቻኩሎ ነበር፤ እርስዋም ራስዋ ጡቴ ይነሣልኝ አለች፤ ተነሣ። ከሳምንት በኋላ የፓቶሎጂው ውጤት ሲመጣ ሁለተኛዋ ነጥብ ጉዳት የሌላት ፋይብሮአዴኖማ ነበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺን ዐረፍተ ነገር ሳልጽፍ ያለፍኩበት ሪፖርት የለም። ስለዚህ የናሙናውን ቀጠሮ እንደ እንቅፋት እንዳያዩት እለምንዎታለሁ፤ ጡትዎን ከማያስፈልግ መነሣት የሚጠብቀው እርሱ ነው።

ናሙናው የሚወሰድበት መንገድ ቀላል ከሆነው ይጀምራል። ራዲዮሎጂስቱ ኤምአርአዩ ያሳየውን ቦታ እያሰበ በአልትራሳውንድ እንደገና ይፈልጋል። በሆድ ተኝተው ሳሉ የታየው ነጥብ በጀርባ ሲተኙ ቦታውን ስለሚለውጥ ፍለጋው ልምድ ይጠይቃል፤ የሚመራውም «በሰዓት 2 አቅጣጫ፣ ከጡት ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ» እንደሚባለው ባለ አድራሻና በአካባቢው ባለው የስብና የህብረ ሕዋስ ቅርጽ ነው። በአልትራሳውንድ ከተገኘች ናሙናው በደቂቃዎች ይወሰዳል። ካልተገኘች ግን «አልታየችምና የለችም» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ በኤምአርአይ እየተመሩ መውሰድ ያስፈልጋል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን በቦታዋ ክሊፕ ትቀመጥ።

ውጤቱ ካንሰር ካልሆነ የመጀመሪያው ዕቅድ ይጸናል። ካንሰር ከሆነም ጡቱ የግድ ይነሣል ማለት አይደለም። ቀድሞ በአንድ ጡት ውስጥ ሁለት ቦታ ካንሰር መገኘቱ ጡቱን ለማንሣት በቂ ምክንያት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ2023 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ግን ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በአንድ ጡታቸው ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ካንሰር የነበረባቸው 204 ሴቶች ዕጢዎቹ ብቻ ወጥተውላቸው ጨረር ሲሰጣቸው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በዚያው ጡት ካንሰሩ የተመለሰባቸው 3.1 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በዚህ ጥናት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኤምአርአይ ያልተነሡት ጥቂቶች ነበሩ፤ ካንሰሩ የተመለሰበት መጠን ግን ኤምአርአይ ከተነሡት ይልቅ በእነርሱ ላይ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። ቁጥራቸው አነስተኛ ስለሆነ ብዙ ልንደመድምበት ባይገባንም፣ ካንሰር ከአንድ በላይ ቦታ ሲጠረጠር ኤምአርአይ ትርጉም እንዳለው ይጠቁማል።

ይህ ሲባል ካንሰር የተገኘባት ሴት ሁሉ ኤምአርአይ ያስፈልጋታል ማለቴ አይደለም፤ በዚህ ረገድ ያለኝ አቋም ቆጠብ ያለ ነው። በብሪታንያ የተካሄደውና በ2010 የታተመው ኮሚስ የተባለው ጥናት 1623 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ገሚሱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኤምአርአይ እንዲነሡ፣ ገሚሱ እንዳይነሡ አደረገ። ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው በሁለቱም ወገን 19 በመቶ ነበሩ፤ ኤምአርአዩ ልዩነት አላመጣም። በየዋህነት ስናስበው ይበልጥ የሚያይ መሣሪያ ሁልጊዜ የተሻለ ቀዶ ሕክምና ማስገኘት ያለበት ይመስለናል፤ ጥናቱ ግን እንዲህ አላለም። ኤምአርአይ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ጥያቄ ሲኖር ነው፤ ማሞግራሙና አልትራሳውንዱ በመጠን ሲለያዩ፣ ጡቱ በጣም ጥቅጥቅ ብሎ የካንሰሩ ጠርዝ ሲሰወር፣ ብብት ላይ ካንሰር ተገኝቶ ምንጩ በጡት ውስጥ ሳይታይ ሲቀር፣ እንደ ብራካ ያለ የዘር ለውጥ ሲኖር፣ ወይም መድኃኒት ከቀዶ ሕክምና ሲቀድም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካንሰሩ ሎቡላር ከሚባለው ዓይነት ሲሆን ነው። የዚህ ካንሰር ሕዋሳት እንደ እብጠት ከመከመር ይልቅ በነጠላ ሰልፍ በጤነኛው ህብረ ሕዋስ መካከል ሰርገው ስለሚገቡ፣ ማሞግራምና አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ ስፋቱን አሳንሰው ያያሉ። በእርስዎ ሁኔታ 18 እና 26 መለያየታቸው ብቻውን ኤምአርአይ ለማዘዝ ተገቢ ምክንያት ነው እላለሁ፤ የናሙናው ውጤት ሎቡላር የሚል ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ይጠነክራል።

ስለ መዘግየቱ ስጋትዎን እረዳለሁ፤ «ካንሰር በጡቴ ውስጥ ተቀምጦ ቀጠሮ እጠብቃለሁ» የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሣል። ዕጢው ግን በአንድ ሌሊት አልተፈጠረም። አሁን ያለበት መጠን ላይ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት ስለሚወስድ፣ አንድን ግልጽ ጥያቄ ለመመለስ የሚጨመር አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ውጤቱን አያበላሽም። የሚያሳስበው ምስል ምስልን፣ ናሙና ናሙናን እየጠራ ሳምንታቱ ወደ ወራት ሲዞሩ ነው፤ እንዲህ እየሆነ ከመሰለዎት በግልጽ ይናገሩ። በነገራችን ላይ የወር አበባ በምታይ ሴት ላይ ኤምአርአይ ጥርት ብሎ የሚነበበው ከዑደቱ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ካንሰሩ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ግን ይህን ቀን ለመጠበቅ ሲባል ሕክምናው ሊገፋ አይገባም።

«ጡቱን በሙሉ አስነሥቼ ብገላገልስ?» ላሉት፣ ውሳኔው የእርስዎ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ነገር ግን በምን ላይ እንደሚወስኑ ማወቅ ይገባዎታል። በአሜሪካና በጣሊያን ተጀምረው የሃያ ዓመት ክትትላቸው በ2002 የታተመ ሁለት ታላላቅ ጥናቶች ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠትንና ጡትን በሙሉ ማንሣትን አነጻጽረዋል። በሁለቱም ጥናቶች የሴቶቹ በሕይወት የመቆየት ዕድል እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ጡቱ ቢነሣም ካንሰር በደረት ግድግዳ ላይ ሊመለስ ይችላል፤ አንዳንዶቹም ጡታቸው ተነሥቶ እንኳ ጨረር ያስፈልጋቸዋል። ጡትን ማንሣት የሚመረጥባቸው እውነተኛ ምክንያቶች አሉ፤ ካንሰሩ ከጡቱ ስፋት አንጻር ብዙ ቦታ ከያዘ፣ ጨረር መውሰድ የማይቻል ከሆነ፣ በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ተጋላጭነት ካለ፣ ወይም ሴትዮዋ ሁሉን ተረድታ ያንን ከፈለገች። የምፈራው ውሳኔው በድንጋጤ ሳምንት ውስጥ፣ ገና ባልተረጋገጠ ነጥብ ምክንያት እንዳይወሰን ነው።

ብብትዎ በአልትራሳውንድ ታይቶ እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ ካልታየ ይታይ። የንፍፊቱ ውጫዊ ሽፋን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ ወይም መካከሉ ላይ ያለው ስብ ከጠፋ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ንፍፊቶቹ ጤነኛ ከመሰሉ እስካሁን የተለመደው፣ ከጡቱ የሚወርደውን ፈሳሽ መጀመሪያ የሚቀበሉትን አንድ ወይም ጥቂት ንፍፊቶች ብቻ አውጥቶ መመርመር ነው። ይህም ቢሆን እየተለወጠ ነው። በ2023 የታተመው ሳውንድ የተባለው ጥናት ዕጢያቸው ከ20 ሚሊ ሜትር ያልበለጠና የብብት አልትራሳውንዳቸው ጤነኛ የሆነ 1405 ሴቶችን መርምሯል። በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይዛመት የቆዩት ንፍፊት ከወጣላቸው 97.7 በመቶ፣ ካልወጣላቸው ደግሞ 98.0 በመቶ ነበሩ። ይህ በጥንቃቄ የተነሣ አልትራሳውንድ አንዳንድ ሴቶችን ከብብት ቀዶ ሕክምናና ከሚያስከትለው የክንድ እብጠት ሊያድን እንደሚችል ያሳያል። በእርስዎ ዕድሜ ላይ የንፍፊቱ ውጤት ሌሎች ውሳኔዎችን ሊመራ ስለሚችል፣ ንፍፊቱ ይቅር ወይስ ይውጣ የሚለውን ከቀዶ ሐኪሙና ከካንሰር ሐኪሙ ጋር ይመካከሩበት።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት ደግሞ ምስል ወደ ቀዶ ክፍሉ ይገባል። በእጅ የማይዳሰስ ካንሰር ወይም የካልሲየም ብናኝ ሲሆን፣ ራዲዮሎጂስቱ በዚያው ጠዋት ወይም ቀደም ብሎ ጫፏ እንደ መንጠቆ የታጠፈች ቀጭን ሽቦ ወይም ትንሽ መግነጢሳዊ ፍሬ በቦታው ያኖራል፤ ቀዶ ሐኪሙም እርሷን ተከትሎ ይገባል። ሥጋው ከወጣ በኋላ ቁስሉ ሳይዘጋ የወጣው ሥጋ በኤክስሬይ ይነሣል። ያን ጊዜ ስልክ ይደወልልኛል፤ ምስሉን በስክሪን ላይ ከፍቼ ክሊፗን፣ ሽቦዋን፣ ብናኞቹን አንድ በአንድ እፈልጋለሁ። ብናኞቹ ከሥጋው አንድ ጠርዝ ጋር ተጠግተው ከታዩኝ «በዚህ በኩል ጥቂት ጨምር» እላለሁ፤ ቀዶ ሐኪሙም እዚያው ይጨምራል። በእርስዎ ሁኔታ ማሞግራሙ ያሳየው 26 ሚሊ ሜትር የካልሲየም ብናኝን የሚጨምር ከሆነ ይህ እርምጃ በጣም አስፈላጊ ነው። ብናኞቹ በሙሉ መውጣታቸው ካጠራጠረ ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ማሞግራም መድገም ይገባል።

የማያስፈልገውንም ልናገር። የሚያሳስብ ምልክት ሳይኖር፣ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ላለ የጡት ካንሰር መላ ሰውነትን በሲቲ ስካን፣ በአጥንት ስካን ወይም በፔት ስካን ማሰስ አይመከርም። ካንሰር የማግኘት ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ሲሆን በአንጻሩ በሳንባና በጉበት ላይ ትርጉም የሌላቸው ትናንሽ ነጥቦች እየታዩ ሴቲቱን ለሌላ ናሙናና ለሌላ ጭንቀት ይዳርጓታል። የማያባራ የአጥንት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የጉበት ምርመራ መዛባት ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ጨረር ሲሰጥ ቀዶ ሐኪሙ ዕጢው ከወጣበት ቦታ ዙሪያ የተዋቸው ትናንሽ ክሊፖች የጨረር ሐኪሙ ተጨማሪ ጨረር የሚያስፈልገውን ቦታ በሲቲ ስካን እንዲለይ ይረዱታል። የግራ ጡት በመሆኑም ልብን ለመጠበቅ ትንፋሽን በጥልቀት ስቦ ይዞ ጨረር መውሰድ የሚቻልበት ዘዴ አለ፤ ይጠይቁበት። ሁሉ ካለቀ በኋላ ማሞግራም በየዓመቱ ይነሣል፤ የመጀመሪያው ግን ጨረሩ ካበቃ ከ6 እስከ 12 ወራት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል።

እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ ድረስ ያሉዎትን ምስሎች ሁሉ፣ የቀደሙ ዓመታት ማሞግራሞች ካሉም እነርሱን ጨምረው በሲዲ ወይም በፊልም ይዘው ይሂዱ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ራዲዮሎጂስቱን የካንሰሩ ጠቅላላ ስፋት የካልሲየም ብናኞቹን ጨምሮ ምን ያህል እንደሆነ፣ በሁለቱም ቦታዎች ክሊፕ ተቀምጦ እንደሆነ፣ ብብትዎም ታይቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ቀዶ ሐኪሙን ደግሞ የሁለተኛዋ ነጥብ ውጤት ካንሰር ከሆነ፣ ካልሆነም፣ በእያንዳንዱ ሁኔታ ምን እንደሚያደርግ ከአሁኑ ይጠይቁት። ለሁለቱም መልስ ካለው የናሙናውን ቀጠሮ አያራዝሙት። ውጤቱ ሲደርስዎ ከነፓቶሎጂው ዝርዝር ቢጽፉልኝ በደስታ አነበዋለሁ።